ቪንስ ሎምባርዲ

ቪንሰንት ቶማስ ሎምባርዲ (ሰኔ 4 ቀን 1905 – ነሐሴ 28 ቀን 1962 ዓ.ም.) በአሜሪካን ፉትቦል ታሪክ ስማቸው ከገነነ አሰልጣኞች አንዱ ነበር። የግሪን ቤይ ፓከርስን ቡድን በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ የብሔራዊ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ሻምፒዮን አድርጓል። የሊጉ የፍጻሜ ውድድር የሆነው የሱፐር ቦውል ዋንጫም በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ በፕሮፌሽናል ሊግ ዋና አሰልጣኝ የሆነው 45 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል በመምህርነት፣ በረዳትነትና በማጥቃት አሰልጣኝነት ሠርቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሎምባርዲ በ1913 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ከጣልያናዊ የካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ሲሆን አባቱ ሥጋ ነጋዴ ነበር። በ15 ዓመቱ ካህን ለመሆን አስቦ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። ሃይማኖቱን ግን አልተወም፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ቅዳሴ ያዘወትር ነበር።

በ1933 ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ገባ። በቡድኑ የፊት መስመር ላይ ለኳስ ተሸካሚው መንገድ ከሚከፍቱት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ይህ መስመር በጥንካሬው ሰባቱ የግራናይት ድንጋዮች የሚል ቅጽል ስም ነበረው። በ1937 ከተመረቀ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሕግ ተማረ።

ከመምህርነት ወደ አሰልጣኝነት

በ1939 በኒው ጀርሲ፣ ኢንግልውድ ከተማ በሚገኘው የቅድስት ሴሲሊያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ላቲን፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያስተማረ የፉትቦሉን ቡድን በረዳትነት ያሰለጥን ነበር። በ1940 ማሪ ፕላኒትዝን አግብቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። በ1942 የትምህርት ቤቱ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በክፍል ውስጥ ያዳበረው ልማድ፣ ማለትም ደካማው ተማሪ እስኪገባው ድረስ አንድን ነገር ደጋግሞ ማስረዳት፣ በኋላ የአሰልጣኝነቱ ዋና መለያ ሆኗል።

በ1947 ወደ ፎርድሃም ተመልሶ ለሁለት ዓመት ሠራ። በ1949 ወደ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሄዶ በኮሎኔል ሬድ ብሌክ ሥር የማጥቃት መስመር አሰልጣኝ ሆነ። ከብሌክ ሁለት ነገር ተማረ፦ የጨዋታ ፊልም በጥንቃቄ መመርመርንና ሥልቱን አሳጥሮ በጣም አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ማስቀረትን። በ1951 በአካዳሚው በደረሰ የፈተና ማጭበርበር ምክንያት አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሲባረሩ፣ ቡድኑን ከባዶ መልሶ በመገንባቱ ሥራ ተካፍሏል።

የማጥቃት አሰልጣኝ በኒው ዮርክ ጃያንትስ

በአሜሪካን ፉትቦል አጥቂው ቡድን ኳሱን ቢያንስ አሥር ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት ለማስኬድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በእያንዳንዱ ሙከራ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች አስቀድሞ የተወሰነላቸውን እንቅስቃሴ ይፈጽማሉ። ይህን ማቀድና ማለማመድ የማጥቃት አሰልጣኝ ሥራ ነው።

ሎምባርዲ ይህን ኃላፊነት በጃያንትስ የተረከበው በ1954 ነው። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። ዋና አሰልጣኙ ጂም ሊ ሃውል ማጥቃቱን ለሎምባርዲ፣ መከላከሉን ደግሞ በኋላ ራሱ ዝነኛ ለሆነው ለቶም ላንድሪ ተወላቸው። ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የመጣውን ጯሂ አሰልጣኝ ነባር ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር። እሱ ግን ሐሳባቸውን እየጠየቀ አመኔታቸውን አገኘ። በማጥቃትም በመከላከልም ይሰለፍ የነበረውን ፍራንክ ጊፎርድን በማጥቃት ላይ ብቻ እንዲጫወት አደረገው። በ1956 ጃያንትስ ቺካጎ ቤርስን 47 ለ 7 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ቡድኑ ቢሳካለትም ሎምባርዲ የሚመኘው የዋና አሰልጣኝነት ሥራ ለዓመታት ራቀው። ብዙ ኮሌጆች ያለፉት በጣልያናዊ ስሙ ምክንያት እንደሆነ ያምን ነበር።

ግሪን ቤይ ፓከርስ

በ1959 መጀመሪያ በዊስኮንሲን ግዛት ያለው ግሪን ቤይ ፓከርስ ዋና አሰልጣኝና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ቀጠረው። ፓከርስ ባለአክሲዮኖቹ ደጋፊዎች የሆኑበት የትንሽ ከተማ ቡድን ሲሆን በ1958 አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር ያሸነፈው። በሎምባርዲ የመጀመሪያ ዓመት 7 አሸንፎ በ5 ተሸነፈ።

ሎምባርዲ ያስተማራቸው ሥልቶች ጥቂት ነበሩ። ዋናው የፓከርስ ስዊፕ ይባላል፦ ሁለት የፊት መስመር ተጫዋቾች ቦታቸውን ለቀው ወደ ጎን እየሮጡ ተከላካዮችን ያግዳሉ፤ ኳስ ተሸካሚው ከኋላቸው ተከትሎ በተከፈተው ቀዳዳ ያልፋል። ተጋጣሚዎች ሥልቱን በሚገባ ያውቁት ነበር። ሆኖም ፓከርስ ያለ ስህተት እስኪፈጽሙት ድረስ ስለሚለማመዱት ማስቆሙ አስቸጋሪ ነበር። በ1956 በ17ኛው ዙር የተመረጠው ባርት ስታር በእሱ ሥር ከሊጉ ታላላቅ ኳርተርባኮች አንዱ ሆነ።

በዘር መድልዎ ላይም ጽኑ አቋም ነበረው። ጥቁር ተጫዋቾችን የማያስተናግድ ማንኛውም ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ለቡድኑ በሙሉ የተከለከለ እንዲሆን ወስኗል።

ፓከርስ በ1960 በፍጻሜው በፊላደልፊያ ኢግልስ 17 ለ 13 ተሸነፈ። ሎምባርዲ ከዚያ በኋላ በዋንጫ ማጣሪያና በፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም። በ1961፣ 1962፣ 1965፣ 1966 እና 1967 የሊጉን ዋንጫ፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች ወሰደ። በዲሴምበር 31 ቀን 1967 ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ በነበረበት ቀን ፓከርስ ዳላስ ካውቦይስን 21 ለ 17 አሸነፈ። ጨዋታው ሊያልቅ 16 ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑ በሦስት ነጥብ እየተመራ ነበር። ሎምባርዲ ኳሱን በእግር አስመትቶ አቻ ከመሆን ይልቅ ስታር ራሱ ይዞት እንዲገባ ፈቀደ፤ ስታርም አስቆጠረ። ጨዋታው የበረዶው ፍልሚያ በመባል ይታወሳል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1968 መጀመሪያ ከአሰልጣኝነቱ ወርዶ በሥራ አስኪያጅነት ብቻ ቀጠለ። ከሜዳ መራቁን ግን አልቻለውም። በ1969 የዋሽንግተንን ቡድን ተረክቦ 7 አሸንፎ፣ በ5 ተሸንፎ፣ በ2 አቻ ወጣ፤ ይህም ለቡድኑ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው የተሳካ የውድድር ዘመን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጋ የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1970 በ57 ዓመቱ በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አረፈ። የጸሎተ ፍትሐት ሥርዓቱ በኒው ዮርክ በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተፈጽሞ በኒው ጀርሲ ተቀበረ።

በፕሮፌሽናል ሊግ ዋና አሰልጣኝ የነበረው ለአሥር የውድድር ዘመናት ብቻ ነው። በመደበኛ ጨዋታዎች 96 አሸንፎ፣ በ34 ተሸንፎ፣ በ6 አቻ ወጥቷል። በ1971 በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፍሯል።