ለወታደሩ ደመወዝ የቆረጡት ንጉሥ

የአፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው መቅደላን፥ ሽጉጡንና ሴባስቶፖልን ነው። ዛሬ ግን ታሪካቸውን በሌላ በር ገብተን እንየው። ወታደርን ማን ያብላው? ሲቆስል ማን ያሳክመው? ሲሞት ልጆቹን ማን ያሳድግለት? እኚህ ንጉሥ በዚህ ጥያቄ መካከል ተወልደው፥ ከጥያቄው ጋር ሲታገሉ ኖረው፥ ሳይፈቱት አልፈዋል።

የመበለት ልጅ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ፥ ሻርጌ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከባላቸው ወገን የሚገባቸውን ሳያገኙ በችግር ኖሩ። በኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ፊደል እንዲቆጥር ገዳም ገባ። ዘመኑ ግን ዘመነ መሳፍንት ነበርና ገዳሙ በጦር ሰዎች ተወረረ። እንደሚተረከው ብዙዎቹ አብሮ አደጎቹ ሲያልቁ ካሣ አምልጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዘመዱ የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ አስጠጉት።

በዚያ ዘመን ወታደር የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረውም። በየገበሬው ቤት ተመድቦ ይበላል፥ ዘመቻ ሲወጣ ደግሞ ይዘርፋል። ስለዚህ ለገበሬው ወታደር ማለት ጎተራ የሚያራቁት እንግዳ ነበር። ያው ወታደር ሲሞት ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ በተራቸው ባዶ ቤት ይቀራሉ።

ቁስለኛውና ብልት ሥጋው

ካሣ ቋራ ውስጥ ሸፈተ። ከዘረፋው ካገኘው ገንዘብ ለገበሬዎች ለእርሻ መሣሪያ መግዣ ይሰጥ እንደ ነበር ይነገርለታል። እየበረታ ሲሄድ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት።

በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ከዚያ ጦርነት ጋር ተያይዞ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ካሣ ቆስሎ ሳለ ሐኪሙ ለሕክምናው ላም ጠየቀው። እርሱም ወደ እቴጌይቱ ላከ። የመጣለት ግን ላም ሳይሆን አንድ ብልት ሥጋ ነበር። ይህ ንቀት ከጥይቱ ይልቅ ገብቶ ነካው ይባላል። ወገኖቼ፥ በጦር ሜዳ ከወደቀው ጉዳት ይልቅ ቤት ሲመለስ የገጠመው ፊት የሰበረው ቁስለኛ ዛሬም አለ።

ከደረስጌ በኋላ

ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም በሰሜን ደጋ፥ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። በደረስጌ ማርያምም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡ ከጀመሯቸው ሥራዎች አንዱ ወታደሩን ከገበሬው ጫንቃ ማውረድ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አወጁ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡትን በአንድ ጭፍራ ቀላቀሉ፤ የአሥር አለቃ፥ የሃምሳ አለቃ፥ የሺ አለቃ ብለው ሾሙ። ወታደሩም በየገበሬው ቤት መመደቡ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ሞከሩ። መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ወደ እርሱ ለመጡት ጭፍሮች ማንንም እንዳይነጥቁና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አስተምሯቸው ነበር (ሉቃ. 3፥14)። ይህ ምክር የሚፈጸመው ግን መጀመሪያ ደመወዝ ሲኖር ነው!

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ንጉሡ ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው በ1852 ዓ.ም የቀረውን መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አደረጉ። ካህናቱ ተቃወሙ፥ ሕዝቡም ከካህናቱ ጋር ቆመ። በየአገሩ ዓመፅ ተነሣ፤ ግብሩ ሲጎድል ደመወዙም ጎደለ።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ስናነብ በካህናቱ ላይ ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት ወንጌላውያን፥ ፍላድ፥ ዋልድማየርና ጓደኞቻቸው፥ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተው ነበር። ኋላ ግን ከመካከላቸው የእጅ ሙያ ያላቸው በንጉሡ ትእዛዝ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው። ወንጌል ሊያደርሱ የመጡ እጆች በመድፍ ሥራ ተጠመዱ።

ፍጻሜው

ደመወዝ ያጣው ወታደር ግማሹ ከዳ፥ ግማሹ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ዘረፋን ሊያስቀሩ የተነሡት ንጉሥ ራሳቸው በጌምድርን አዘረፉ፤ በ1859 ዓ.ም እናታቸው የተቸገሩባትን ጎንደርን አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። የወታደሩ ሚስቶችና ልጆች አብረው ይጓዙ ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ ንጉሡ በቁጣ ብዙ እስረኞችን አስገደሉ። በማግሥቱ፥ በስቅለት ዕለት፥ ጦራቸው አሮጌ ላይ በእንግሊዞች ተመታ። በትንሣኤ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፥ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። በሺህ የሚቆጠሩ የወታደር ቤተ ሰቦች ከአምባው ወርደው ተበተኑ።

የንጉሡም ቤት ከዚህ አላመለጠም። እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱም በባዕድ አገር አረፈ፥ ዊንድዘርም ተቀበረ። ያለ አባት ያደገው ካሣ ሌላ የሙት ልጅ ትቶ ሄደ።

ለእኛ ምን ይላል?

ወገኖቼ፥ የንጉሡ አሳብ መልካም ነበር። ነገር ግን ፍትሕን በቁጣ ሊያመጡት ሞከሩ፥ ቁጣውም አሳቡን በላው። ንጉሥ ዳዊት በቦሦር ወንዝ ደክመው ዕቃ ሲጠብቁ ለቀሩት ከዘመቱት ጋር እኩል ድርሻ ሰጥቶ ሥርዓት አደረገው (1ሳሙ. 30፥24-25)። ደካማውን የማይረሳ ሥርዓት ከሰይፍ በላይ ዕድሜ አለው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የተደረገው የሰሜኑ ጦርነት ዳባትንና ደባርቅን የመሰሉ ደጋዎቻችንን አንኳኳ። ከየትኛውም ወገን ይሰለፍ፥ ባልዋ ያልተመለሰላት እናት እንባዋ አንድ ነው። ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ያለው የሙት ልጆችንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ነው (ያዕ. 1፥27)። በወረዳ፥ በቀበሌ ወይም በጡረታ ጉዳይ ቢሮ የምታገለግሉ ቅዱሳን ሆይ፥ በመስኮታችሁ ፊት በክራንች የቆመው ሰው ጉዳይ የጌታ አደራ ነው። ላም ለጠየቀ ቁስለኛ ብልት ሥጋ አትላኩ። የሚገባውን በጊዜው፥ ከአክብሮት ጋር ስጡት። ቤተ ክርስቲያንም የሐዋርያት ሥራ 6 መበለቶች እንዳይረሱ የዘማች ቤተ ሰቦችን በስም መዝግባ ትጠይቃቸው።

ሌሎች ነገሥታት ሰው ስለ እነርሱ እንዲሞት አዘዙ። የእኛ ንጉሥ ግን ስለ እኛ ሞተ፥ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። የእርሱ የሆንን ሁሉ የእርሱን ልብ ይስጠን። ጌታ ይባርካችሁ፤ አሜን።