ጎማን ለሥራ ያበቃው የገበሬ ልጅ

በሐይቅና በአምባሰል አብዛኛው መሬት የሚታረሰው በበሬ ነው። ትራክተር በኪራይም ሆነ በጋራ ገንዘብ በሚገኝበት ጊዜ ግን የእርሻው ወቅት አጭር ስለሆነ የአንድ ቀን መቆም የብዙ አባላትን ማሳ ጦም ያሳድራል። ትራክተርን ከሚያቆሙት እክሎች አንዱ ውኃ የተሞላው የኋላ ጎማ ማፍሰሱ ነው። በአየር የሚነፋውን ጎማ ለሥራ ያበቃው የጆን ቦይድ ደንሎፕ ሕይወት ስለዚህ ችግር የሚያስተምረው አለ።

ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1840 በስኮትላንድ ድሬግሆርን በተባለ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በኤዲንብራ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ገና በ19 ዓመቱ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻግሮ በቤልፋስት ከተማ ፈረስና ከብት በማከም ስሙ የታወቀ ሐኪም ሆነ። ለሙያው የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ዕቃዎች ከላስቲክ በእጁ ይሠራ ስለነበር የላስቲክን ጠባይ ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1887 ትንሹ ልጁ የሚነዳት ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ክፉኛ ስታንገጫግጨው ተመለከተ። ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠራ፤ በእንጨት ክብ ላይ በሸራ ጠቅልሎ ቸነከረው፤ በኳስ መንፊያም ነፋው። ይህንና የብስክሌቷን አሮጌ እግር በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። አሮጌው መንገድ ላይ ሲቀር አዲሱ ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተላተመ። በ1888 የፈጠራ መብት አገኘ።

በአምባሰል የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመ በ16ኛው ቀን፣ በቤልፋስት በተደረገ የብስክሌት ውድድር የደንሎፕን ጎማ የገጠመ ጋላቢ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ፈላጊው በዛ፤ በደብሊንም ኩባንያ ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ደንሎፕ ሁለት ችግሮች ገጠሙት። የመጀመሪያው፣ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1845 አስመዝግቦት ስለተገኘ መብቱ ተሻረ። ሁለተኛው ቀዳዳ ነበር። ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ እሾህ ሲወጋው ለመጠገን ሁሉንም መገንጠልና መልሶ ማጣበቅ ግድ ሆነ። ይህን ያቃለሉት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 ቻርልስ ዌልች ጠርዙ ሽቦ ያለውና ከቸርኬው የሚወልቅ ጎማ አወጣ። በ1891 ደግሞ በፈረንሳይ የሚሽላን ወንድማማቾች በቶሎ የሚፈታ ጎማ አቀረቡ። ትራክተር ከብረት እግር ወደ አየር ጎማ መዛወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ፣ አሊስ ቻልመርስ የፋየርስቶንን ጎማ ሲገጥም ነው። ደንሎፕ ግን በ1921 በደብሊን ሲሞት ስሙ በዓለም ቢናኝም ከጎማው ታላቅ ሀብት አላገኘም።

ጎማው ከቸርኬው የሚወልቅ በመሆኑ ዛሬ ጥገናው በማሳ ዳር፣ በጥቂት ወጪ ሊከናወን ይችላል። ውኃ በጎማ ውስጥ የሚሞላው ትራክተሩ ክብደት አግኝቶ በእርጥብ መሬት እንዳይንሸራተት ነው። መካከለኛ የኋላ ጎማ 200 ሊትር ያህል ስለሚይዝ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ትራክተሩን በደረቅና ደልዳላ ቦታ ማቆም፣ የቀሩትን እግሮች በድንጋይ መደገፍ፣ በክሪክ ካነሱም በኋላ ከአክሱ ሥር ጠንካራ ግንድ ማስገባት ያሻል።

የሚያፈሰው በቫልቩ ከሆነ ውኃውን ማውጣት አያስፈልግም። ቫልቩ ከላይ እስኪሆን እግሩን ማዞር ነው፤ ውኃው ከታች ስለሚቀር በውስጡ ያለችውን ትንሽ መርፌ ብቻ መለወጥ ይበቃል። እሾህ ካላማዳሪውን ወግቶት ከሆነ ግን ቫልቩን ወደ ታች አዙሮ ውኃውን በበርሜል መቀበል ይገባል። ከዚያም የጎማውን አንድ ጠርዝ ብቻ ፈልቅቆ ካላማዳሪውን ማውጣት፣ ነፍቶ በሳሙና ውኃ ቀዳዳውን መፈለግ፣ ቦታውን አድርቆና ፍቆ ማስቲሽ በስሱ መቀባት፣ ማስቲሹ ጠፈፍ ሲል ልጣፊውን አጥብቆ መጫን ነው። ወደ ውጪው ጎማ ውስጥ ተሰክቶ የቀረውን እሾህ ሳይነቅሉ መልሶ መግጠም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ውኃው ሲመለስ ቫልቩ ከላይ ሆኖ እስከ ቫልቩ ድረስ ይሞላል፤ ይህም ከጎማው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የቀረው አየር ነው። ሲነፋም ማንም ከጎማው ፊት ለፊት መቆም የለበትም።

በብርድ አገሮች ውኃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይጨመርበታል። በሐይቅ ዳርቻ ማሳዎች ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ወጪም ይቀንሳል። ከውጭ በመጣ አሮጌ ትራክተር ውስጥ ይህ ጨው ከተገኘ ቸርኬውን ስለሚያዝግ ብረቱን በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ዓይንንና ቆዳን መጠበቅ፣ ፈሳሹንም በማሳ ወይም በሐይቁ አለመድፋት ያስፈልጋል።

የጎማው ጎን ከተሰነጠቀ ግን ልጣፊ አያድነውምና ለጎሚስታ ማሳየት ግድ ነው። ለቀሪው የገበሬ ማኅበር መሪዎች ክረምቱ ሳይገባ ልጣፊ፣ ማስቲሽ፣ ሁለት የቫልቭ መርፌና ባዶ በርሜል ቢያዘጋጁ፣ ከአባላትም ሁለት ወጣቶች ሥራውን እንዲለምዱ ቢያደርጉ፣ በአንዲት እሾህ ምክንያት ጦሙን የሚያድር ማሳ አይኖርም።