በጀልባ ላይ የኖረችው የወፍ ፎቶ አንሺ

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ኤማ ተርነርን ነው።

ኤማ እ.ኤ.አ. በ1867 እንግሊዝ አገር ተወለደች። ፎቶ ማንሳት የጀመረችው 30 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። የውሃ ወፍ ደግሞ ፈሪ ነው፤ ኮሽ ካለ ብር ይላል። የዚያን ጊዜ ካሜራ ከባድ ነበር፤ ጥሩ ፎቶ ለማግኘት ወፉ አጠገብ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኤማ ሂክሊንግ በሚባል ሐይቅ ላይ በጀልባ ቤት መኖር ጀመረች። ሸምበቆ ውስጥ ተደብቃ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ቢተርን የሚባለው ወፍ እዚያ አገር መራባት አቁሟል ተብሎ ነበር። ይህ ወፍ ሲፈራ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይቆማል፤ ልክ ሸምበቆ ይመስላል። በ1911 ኤማና የሐይቁ ጠባቂ ብዙ ፈልገው ጫጩቱን አገኙ። ፎቶ አነሳችው። ወፉ ተመልሶ እየተራባ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ኤማ ለወፍ ፎቶዋ የወርቅ ሜዳሊያም ተሸልማለች።

በመጨረሻ ዕድሜዋ ዓይኗ ጠፋ፤ በ1940 አረፈች። ፎቶዎቿ ግን አሁንም አሉ።

ተማሪዎች፣ እኛስ? ወፍ ስናይ ድንጋይ ከምናነሳ ዝም ብለን ብንቆም ብዙ እናያለን።