ዶክተር ጆን ስኮት ሃልዴንና ሽታ የሌለው መርዝ

በራስ መኮንን ድልድይ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ለብዙ ዘመን በቆዩት የአራዳ የጭቃ ቤቶች፣ የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ከሰል በደጅ አቀጣጥሎ ወደ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነበር። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ሰው ይዘናጋል፤ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም፤ ይህም ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። ሰውን እንዴት እንደሚገድል በገዛ ሰውነታቸው ጭምር ፈትነው ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ጆን ስኮት ሃልዴን ናቸው።

ሃልዴን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 በኤዲንበርግ ተወልደው፣ በዚያው ከተማ በ1884 በሕክምና ተመረቁ፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውንም በኦክስፎርድ አሳለፉ። ጋዙን በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከሄሞግሎቢናቸው ግማሽ ያህሉ በጋዙ እስኪያዝ ድረስ ተነፈሱት፤ በየጊዜው ደማቸውን እየቀዱ ቀለሙን አመዛዘኑ፤ ቆሞ መራመድ ሲያቅታቸውና ዓይናቸው ሲፈዝ ያንኑ መዘገቡ። ዛሬ ይህን የሚፈቅድ ተቋም የሚገኝ አይመስለኝም።

በ1896 በዌልስ የታይለርስታውን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፈንድቶ ብዙ ሠራተኞች ሲያልቁ፣ ሃልዴን ወደ ስፍራው ሄደው አስከሬኖቹን መረመሩ። ደማቸው ደማቅ ቀይ ነበር። አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ወይም ቃጠሎው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በዋሻው ውስጥ የቀረው ጋዝ መሆኑን ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት አስረዱ። ጋዙ ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ጥቂቱ ብቻ ለመግደል ይበቃል። ስለዚህም ከሰው ቀድማ የምትደክም አይጥ ወይም ካናሪ የተባለች ትንሽ ወፍ ይዞ መውረድን መከሩ፤ በብሪታንያ ማዕድኖች ካናሪዎቹ እስከ 1986 አገልግለዋል።

የእንግሊዝ የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ሐኪም በ1924 ፕሬዚዳንቱ አደረጋቸው። ለሙያችን ሰዎች ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የሃልዴን ጥያቄ ዘወትር ስለ አየር መግቢያና መውጫ ነበርና።

ሃልዴን በመጋቢት ወር 1936 አረፉ። የሰው አንጎል በሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1971 ስለሆነ፣ መርዙ በአንጎል ውስጥ የሚተወውን ጠባሳ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማየት አልታደሉም። ከባድ መመረዝ ሲደርስ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ግሎበስ ፓሊደስ የተባለውን የአንጎል ጥልቅ ክፍል በግራም በቀኝም ተጎድቶ ያሳያል። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ የዳነ መስሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰውም ከሳምንታት በኋላ ሲዘነጋና እግሩ ሲጎተት፣ የአንጎሉ ነጭ ክፍል መጎዳቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በሽተኛው ከተዘጋው ቤት ወጥቶ በመጣባት ሌሊት መርዙን የሚያጋልጠው፣ ሃልዴን በቀለም የጀመሩት የደም ምርመራ ነው።