ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ያወቀ ሰው ምን ይናፍቃል?

አንዳንድ ወላጆች ልጃችን በተማረ ቁጥር ከእኛ እየራቀ ነው ይሉናል። ከፍ ያሉ ተማሪዎቻችንም ምንም የማያውቁበት የልጅነት ጊዜ ይናፍቃቸዋል። ለሁለቱም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት መልስ አለው ብለን እናምናለን።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። በሁከቱ ከቤተ ሰባቸው ተለያይተው ስለተገኙ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ቀጥለው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ሙያና ደመወዝ ነበራቸው፤ የእናታቸው ቋንቋ ግን ከአንደበታቸው ጠፍቶ ነበር።

መቅደላ ላይ የቀረው ሕፃን ምን እንዳጣ አያውቅም ነበር። ያጡትን የተረዱት ካደጉና ከተማሩ በኋላ ነው። የዓድዋ ድል ዜና በዓለም ሲሰማ የአገራቸው ነገር አላስችል ብሏቸው አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለዩዋቸው። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንም ያን ጊዜ መልሰው አገኙ።

ያለፈው ልጅነት ግን አልተመለሰም። አማርኛን በጎልማሳነታቸው እንደ አዲስ ተማሩ፤ በዚሁ ቋንቋም የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ነፃ ለወጡ ባሮች በተቋቋመው ትምህርት ቤትም አገለገሉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያስተማሯቸውን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ፋሺስቶች ገደሉባቸው። እሳቸው ግን ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ያረፉትም በ1945 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ያወቀ ሰው ይናፍቃል። የሚናፍቀው አለማወቁን ሳይሆን ወገኑን፣ ቋንቋውንና ቤቱን ነው። ወደ ሕፃንነት መመለስ አይቻልም፤ በተማሩት ነገር ወገንን መጥቀም ግን ይቻላል።

የጀብራ ልጆቻችን በሰፈር ዓረብኛ፣ በቤት አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ። ወላጆች ሆይ፣ በአማርኛ አጫውቷቸው፤ ሐኪም ወርቅነህ በስንት ድካም የተማሩትን ቋንቋ ልጆቻችሁ በእጃቸው ይዘውታል። እናንተም ተማሪዎች፣ ዕውቀት ያርቀናል ብላችሁ አትፍሩ። ተማሩ፤ የተማራችሁትንም ለወገናችሁ አድርሱ።