ለሮለር ሆኪ ብሎ ስፖርቲንግ ሊዝበንን የተወው ኮከብ

ስፖርቲንግ ሊዝበን ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። በዕድሜ ከፍ ያለው ደግሞ ሉዊስ ፊጎን ይጠራል። ሁለቱም ከዚያ ክለብ የወጡ የመስመር ተጫዋቾች ናቸው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ሁለቱም ሳይወለዱ በፊት እዚያው ክለብ የቀኝ መስመሩን ስለተቆጣጠረው ስለ ጄዙስ ኮሬያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄዙስ ኮሬያ የተወለደው በ1924 ፓሶ ደ አርኮስ ውስጥ ነው። ከሊዝበን ብዙም የማትርቅ፣ የቴጆ ወንዝ ውቅያኖሱን ሊቀላቀል ሲል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ከእግር ኳስ ሌላ በጣም የሚወደድ ጨዋታ አለ፤ ሮለር ሆኪ። የኛን የገና ጨዋታ አስቡት። ልዩነቱ ሜዳው ለስላሳ ወለል ነው፣ ተጫዋቾቹም ጎማ የተገጠመለት ጫማ አድርገው ነው የሚሮጡት። ጄዙስ ኮሬያ ለሰፈሩ ክለብ ለፓሶ ደ አርኮስ ሆኪ ይጫወት ነበር።

በ1943 ስፖርቲንግን ተቀላቀለ። ትንሽ ቆይቶ ክለቡ በታሪኩ ትልቁ የሚባለውን የአጥቂ መስመር አገኘ፦ ጄዙስ ኮሬያ፣ ቫስኬስ፣ ፔይሮቴዮ፣ ትራቫሶስ እና አልባኖ። እንደ አንድ የሙዚቃ ቡድን ተናበው ስለሚጫወቱ አምስቱ ቫዮሊኖች ተባሉ። በ1946/47 የውድድር ዘመን ስፖርቲንግ በ26 የሊግ ጨዋታ 123 ጎል አስቆጠረ። አዎ፣ 123! በ1947፣ በ1948 እና በ1949ም በተከታታይ የፖርቱጋል ሻምፒዮን ሆነ።

የጄዙስ ኮሬያ ትልቁ ቀን የመጣው ደግሞ በ1948 ነው። ስፖርቲንግ ማድሪድ ድረስ ሄዶ አትሌቲኮን 6 ለ 3 ሲያሸንፍ ስድስቱንም ጎል ያገባው እሱ ነበር።

ሁሌ ግን ማር አልነበረም። በግንቦት 1947 ፖርቱጋል በገዛ ሜዳዋ በእንግሊዝ 10 ለ 0 ተሸነፈች። በዚያ ቀን ጄዙስ ኮሬያ ሜዳ ውስጥ ነበር። የሚገርመው በዚያው ዓመት ሊዝበን ላይ በተካሄደው የሮለር ሆኪ የዓለም ዋንጫ ፖርቱጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከቡድኑ ኮከቦች አንዱም ያው ሰውዬ ነው። ከዚያ በኋላም ፖርቱጋል እስከ 1950 ድረስ ዋንጫውን ለማንም አልለቀቀችም።

አንድ ሰው፣ ሁለት ስፖርት፣ ሁለቱም ላይ ጫፍ! እንዲህ ያለ ነገር ግን ብዙ አይዘልቅም። እግር ኳሱ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሙያነት እየተቀየረ መጣ። ስፖርቲንግም ተጫዋቹ ሁለት ቦታ እንዲሮጥ አልፈለገም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው፣ ወይ ኳስ ወይ ሆኪ፣ አንዱን ምረጥ ተባለ።

ሆኪ ያኔ የአማተር ጨዋታ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ስፖርቲንግ ደግሞ የአገሪቱ ገናና ክለብ ነው። ሰው ሁሉ ኳሱን ይመርጣል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። እሱ ግን ሆኪን መረጠ፤ ስፖርቲንግንም ተሰናበተ።

እኛ ይሄን ውሳኔ እንደ ሞኝነት አናየውም። ኳሱ አልሆንለት ብሎ የሸሸ ሰው አይደለም፤ በአንድ ጨዋታ 6 ጎል ያገባ፣ የሊግ ዋንጫ የደራረበ ሰው ነው። በልጅነቱ የወደደውን ጨዋታ ስም እና ገንዘብ ሲመጣ አልሸጠውም፤ ነገሩ ይሄው ነው። በርግጥ ከፍሎበታል፦ ከፊቱ የነበሩትን ጥሩ የኳስ ዓመታት ሰጥቷል።

ጄዙስ ኮሬያ በ2003 በ79 ዓመቱ አረፈ። ከአምስቱ ቫዮሊኖች የመጨረሻው እሱ ነበር። ስፖርቲንግ ግን አልረሳቸውም፤ ከ2012 ጀምሮ ከውድድር ዘመን መክፈቻ በፊት ደጋፊው ፊት የሚያደርገውን የወዳጅነት ዋንጫ በአምስቱ ቫዮሊኖች ስም ሰይሞታል።

እናንተስ በእሱ ቦታ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? ደመወዝ ያለውን ወይስ የምትወዱትን? ሐሳባችሁን ጻፉልን።