ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ የደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ ሳይኖር የጻፉና ያሳተሙ ሊቅ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ስማቸው ከሚወሳ ቀደምት ደራስያን አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. በሸዋ መርሐ ቤቴ የተወለዱት ኅሩይ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ነው።

በዘመኑ ከሸዋ እስከ ጎጃም ደጋ ዳሞት በነበሩ አድባራት መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ጽሕፈት ነበር። ብዙውን ጊዜ በብራናው መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይሰፍራል። ግዝቱ የሚጠብቀው ግን የብራናውን ባለቤት እንጂ የደራሲውን ድካም አልነበረም።

በአውሮፓ ነገሥታት ለአታሚዎችና ለመጻሕፍት ነጋዴዎች የብቻ ፈቃድ ይሰጡ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1710 በንግሥት አን ዘመን የወጣው ሕግ ደራሲውን ራሱን የመብቱ ባለቤት አደረገ። ኅሩይ በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደዚያች አገር ከተጓዘው የኢትዮጵያ ልዑክ ጋር ነበሩ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም.ም አስፋፍተው አወጡት። ዝርዝሩ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ ለአንባቢ ከማሳወቁም በላይ ጽሑፍን በአገር ሀብትነት የመዘገበ ሥራ ነው።

ማተሚያ ቤት ጥቂት በነበረበትና ታላላቆቹም በቤተ መንግሥት ድጋፍ በሚሠሩበት በዚያ ወቅት፣ ደራሲ ሥራውን ለሕዝብ ለማድረስ የመኳንንትን በጎ ፈቃድ መሻቱ አይቀርም ነበር። ኅሩይ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው ችግሩን በራሳቸው አቅም ተወጡት። ይህ ዕድል ግን ከፍተኛ ሥልጣን ላልነበራቸው ደራስያን የሚገኝ አልነበረም።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉት ኅሩይ፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መስከረም ወር በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ።

የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራዎች ባለቤትነት በዝርዝር የተደነገገው ከዕረፍታቸው ከ21 ዓመታት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት እንዲጠበቅ ደንግጓል። በኅሩይ ዘመን በሹመትና በሀብት ይገኝ የነበረው ከለላ፣ ዛሬ ሹመትም ማተሚያ ቤትም ለሌለው ደራሲ በሕግ የታወቀ መብት ሆኗል። መብቱ በተግባር የሚጸናው ግን ሕጉን የሚያስፈጽሙ አካላት ኃላፊነታቸውን ሲወጡ ነው።